ዋንጫውን ሰጥቶ ቤቱን ያተረፈ ውድድር

በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ባሕሩ ተሞልቶ በተገኘ መሬት ላይ፣ ኦኢ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አለ። በየዓመቱ ዲሴምበር 29 ቀን፣ ጃፓናውያን ለአዲስ ዓመት ቤታቸውን በሚያጸዱበትና የዓመቱን ሥራ በሚዘጉበት ሰሞን፣ ቶኪዮ ዳይሾተን የተባለው ውድድር የሚካሄደው እዚህ ነው። ርቀቱ 2000 ሜትር ነው፤ ፈረሶቹ የሚጋልቡት በሣር ላይ ሳይሆን በአሸዋ ላይ ነው፤ አንደኛ ለሚወጣው 100 ሚሊዮን የን ይሰጣል። ውድድሩ ከ1955 ጀምሮ ያለ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እሱ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የአሸናፊዎች ዝርዝርና የገቡበት ሰዓት ነው። ትኩረት የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ይመስለኛል፦ የከተማ አስተዳደሮች ለገቢ ብለው በሚያስተዳድሩት ሜዳ፣ ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ በተናቀ መሬት ላይ የተጀመረ ውድድር፣ የዓለም አቀፍ አንደኛ ደረጃ ማዕረግ እንዴት ሊያገኝ ቻለ? መልሴ አንድ ነው። ቶኪዮ ዳይሾተን ትልቅ የሆነው የገዛ ፈረሶቹ ስላሸነፉ አይደለም፤ እንደሚሸነፉ እየታወቀ በሩን ለብርቱ ተቀናቃኝ ስለከፈተ ነው። ዋንጫውን አሳልፎ ሰጠ፤ ቤቱን ግን አተረፈ።

ነገሩ እንዲገባን የጃፓን የፈረስ እሽቅድምድም አንድ ቤት ሳይሆን ሁለት ቤት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቤት መሠረቱ የተጣለው በዮኮሃማ ነው። እዚያ የሰፈሩት የውጭ አገር ሰዎች በ1866 በኔጊሺ ኮረብታ ላይ በእንግሊዞች አሠራር የፈረስ ሜዳ ተሠራላቸው። ከዚያ ወዲህ ጃፓን ከቻይናና ከሩሲያ ጋር በተዋጋችባቸው ዓመታት የጦር ፈረሶቿ ደካማነት ስላሳፈራት፣ እሽቅድምድም ዘርን ማሻሻያ ነው በሚል መንግሥት ደገፈው፤ በ1923 የወጣው ሕግም ውርርዱን ሕጋዊ አደረገው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይኸው ቤት በ1954 ለተቋቋመው የጃፓን እሽቅድምድም ማኅበር ተላለፈ። ማኅበሩ በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ሜዳዎቹ ሰፋፊ፣ ታላላቅ ውድድሮቹ በሣር ላይ፣ ገንዘቡም ብዙ ነው። ጃፓኖች በአጭሩ «ማዕከላዊው» ይሉታል። ሁለተኛው ቤት የተወለደው ከገጠር ነው። በየመቅደሱ በዓል ይደረግ ከነበረው የገበሬዎች ግልቢያና የከብት አርቢ ማኅበራት ካዘጋጁት ውድድር አድጎ፣ በ1927 የራሱን ደንብ አገኘ። ወሳኙ ዘመን ግን ከጦርነቱ በኋላ ያለው ነው። በ1948 የወጣው የፈረስ እሽቅድምድም ሕግ ክፍለ ሀገራትና በጦርነትና በአደጋ ክፉኛ የተጎዱ ከተሞች ውድድር አዘጋጅተው የውርርድ ትኬት እንዲሸጡ ፈቀደ። የተቃጠለ ከተማ ትምህርት ቤትና መንገድ መሥራት ነበረበት፤ ግብር ከሚከፍለው ሕዝብ ኪስ ደግሞ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ኦኢ በ1950 ሥራ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬም የሚያስተዳድሩት የቶኪዮ 23 ወረዳዎች በጋራ ያቋቋሙት ማኅበር ነው።

የአሸዋው ነገርም ከዚሁ ድህነት ጋር የተያያዘ ነው። ሣር ውድ ነው። ዝናም በሚበዛበት አገር፣ በጠባብ ሜዳ ላይ፣ በሳምንት ብዙ ቀን ፈረስ ሲሮጥበት ሣሩ ይላጣል፤ እስኪያገግም ደግሞ ትኬት መሸጥ ይቆማል። አሸዋ ግን ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል፤ ማታ በመሣሪያ ተስተካክሎ ጠዋት ዝግጁ ይሆናል። ስለዚህ የአካባቢ መስተዳድሮች ሜዳዎች፣ ከሞሪዮካ በቀር፣ ሁሉም አሸዋ ብቻ ሆኑ። በአሜሪካ «ደርት» የሚባለው መም ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት ስለሆነ ጠጣር ነው፤ የጃፓኑ ግን እውነተኛ አሸዋ ነው። ሲደርቅ የፈረሱን ሰኮና ይውጣል፤ ዝናም ሲመታው ጠጥሮ ፈጣን ይሆናል። በማዕከላዊው ሜዳዎችም ከሣሩ ውስጠኛ ክፍል የአሸዋ መም ይገኛል፤ ነገር ግን ለረዥም ዘመን ወደዚያ የሚላከው በሣር ላይ ያልሆነለት ፈረስ ነበር። የማዕከላዊው ትልቁ የአሸዋ ውድድር የነበረው ፌብሩዋሪ ስቴክስ እንኳ በ1984 ሲጀመር ተራ ነገር ነበረ፤ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው በ1997 ነው። አሸዋ የእንጀራ ልጅ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ቶኪዮ ዳይሾተን የተጀመረው በዚህ ሁለተኛ ቤት ውስጥ ነው። በ1955 ስሙ የመጸው ኮርቻ ማለት ነበር፤ እዚያው ዓመት የፀደይ ኮርቻ የሚል እኅት ውድድር ተጀምሮለታል፤ እሱም በኋላ ቶኪዮ ደርቢ ተባለ። አሁን የያዘውን ስም ያገኘው በ1964 ነው። ርቀቱ መጀመሪያ 2600 ሜትር ነበረ፤ ቆይቶ እስከ 3000 ተራዘመ፤ ከ1998 ወዲህ ነው 2000 የሆነው። በእነዚያ የመጀመሪያ 40 ዓመታት ውድድሩ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚገናኙበት የአካባቢ ሜዳ ፈረሶች ብቻ ናቸው። የድሮው ዘመን ናፋቂዎች የሚያመሰግኑት ይህን ጊዜ ነው፤ ዋንጫው በቤት ልጅ እጅ ይቀር ነበርና። ነገር ግን ዝግ በር ከውጭ የሚመጣን እንጂ ከውስጥ የሚወጣን አልከለከለም። ሃይሴይኮን እንውሰድ። በ1972 በኦኢ ስድስት ጊዜ ሮጦ ስድስቱንም አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ ወደ ማዕከላዊው ተሸጠ፤ በ1973 ሳትሱኪ ሾ የተባለውን ከታላላቆቹ የሦስት ዓመት ፈረሶች ውድድር አንዱን አሸነፈ፤ በማዕከላዊው ደርቢ ሦስተኛ ሲወጣ አገሩ ሁሉ አዘነ። ከድሃ ቤት ወጥቶ ጌቶችን የሚገጥም ፈረስ ሆኖ ስለታየ፣ ከዚያ በፊት ፈረስ አይተው የማያውቁ ሕፃናትና እናቶች ሳይቀሩ ስሙን ያውቁት ነበር። ዝናውን የበላው ግን ኦኢ ሳይሆን ማዕከላዊው ነው። ኦጉሪ ካፕም እንዲሁ ነው። በጊፉ ክፍለ ሀገር በካሳማትሱ ትንሽ ሜዳ 12 ጊዜ ሮጦ 10 ካሸነፈ በኋላ በ1988 ወደ ማዕከላዊው ገባ፤ በ1990 ለመጨረሻ ጊዜ በሮጠበት፣ አሪማ ኪነን በተባለው ታላቅ ውድድር ዕለት በናካያማ ሜዳ የተገኘው ተመልካች 177,779 ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የኢናሪ ዋን ጉዳይ ነው፤ ለክርክሬም ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ኢናሪ ዋን የ1988ቱን ቶኪዮ ዳይሾተን ያሸነፈ የኦኢ ልጅ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማዕከላዊው ተዛውሮ የፀደዩን የንጉሠ ነገሥት ዋንጫ፣ ታካራዙካ ኪነንንና አሪማ ኪነንን፣ ሦስቱንም በሣር ላይ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ጠራርጎ ወሰደ፤ የ1989 የዓመቱ ፈረስ ተብሎም ተመረጠ። ልብ በሉ፤ የቶኪዮ ዳይሾተን አሸናፊ በአገሪቱ ምርጥ ፈረስ መሆን የሚችል ነበር። ነገር ግን ይህ እንዲታወቅ የግድ ከቤቱ መውጣት ነበረበት። በኦኢ እስካለ ድረስ ማንነቱን የሚለካበት ሚዛን አልነበረውም። በሩ የተዘጋ ውድድር ችግሩ ይህ ነው፦ ደካማ ፈረስ ቢያሸንፍበት አይታወቅም፤ ብርቱ ፈረስ ቢያሸንፍበትም አይታመንም። በ1985 ሮኪ ታይገር የተባለ፣ ከአካባቢ ሜዳዎች አንዱ ከሆነው ከፉናባሺ የመጣ ፈረስ በጃፓን ካፕ ላይ ተጋብዞ ከታላቁ የማዕከላዊው ፈረስ ከሲምቦሊ ሩዶልፍ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ የተሰማው ድንጋጤም ይህንኑ ያሳያል።

በሩ የተከፈተው በአንድ ቀን አይደለም። ኦኢ በ1986 ሁለት ነገር አደረገ፦ በጃፓን የመጀመሪያውን የምሽት እሽቅድምድም በመብራት ጀመረ፤ ቴይኦ ሾ የተባለውን ውድድሩንም ለማዕከላዊውና ለሌሎች ሜዳዎች ፈረሶች ክፍት አደረገ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1995 ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱ ቤቶች ተስማምተው ብዙ ውድድሮችን የጋራ አደረጉ፤ ቶኪዮ ዳይሾተንም ከእነሱ አንዱ ነበር። በ1997 ደግሞ ለሁለቱም የሚያገለግል የአሸዋ ውድድሮች ደረጃ ወጣ። የዚህ ዘመን ንግሥት ሆኩቶ ቬጋ ናት። የማዕከላዊው ባዝራ ነበረች፤ በሣር ላይ አንድ ጊዜ ታላቅ ውድድር አሸንፋ ከዚያ ተዳክማ ነበር። በ1995 ወደ ካዋሳኪ አሸዋ ወርዳ ኤምፕረስ ዋንጫን በ18 የፈረስ ርዝመት ልዩነት ወሰደች። እስከ 1997 መጀመሪያ ድረስ በአሸዋ ላይ በተከታታይ 10 ጊዜ አሸነፈች፤ ከሜዳ ሜዳ እየዞረች የአካባቢ ፈረሶችን ሁሉ ከኋላዋ አስቀረች። መጨረሻዋ አሳዛኝ ነው፤ በኤፕሪል 1997 በዱባይ የዓለም ዋንጫ ላይ ወድቃ ሞተች። እሷ የሮጠችበት አሸዋ ለአካባቢው ሰዎች የሽንፈት አሸዋ ነበር፤ ሆኖም እሷን ለማየት ነበር ወደ ሜዳው የሚጎርፉት። አሸናፊዋ የእነሱ ባትሆንም ውድድሩ የእነሱ ነበር።

የአካባቢ ፈረሶች ግን ዝም ብለው አልተሸነፉም፤ በሩ የተከፈተባቸው የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ምርጡ ክፍል ናቸው። ከሰሜን የኢዋቴ ክፍለ ሀገር የመጣው ሜይሴይ ኦፔራና የፉናባሺው አቡኩማ ፖሮ የማዕከላዊውን ፈረሶች እያስከተሉ እርስ በርሳቸው ተፎካከሩ፤ የ1998ቱን ቶኪዮ ዳይሾተን አቡኩማ ፖሮ ወሰደ። ሜይሴይ ኦፔራ ደግሞ በጃንዋሪ 1999 ቶኪዮ ሄዶ በማዕከላዊው ሜዳ ፌብሩዋሪ ስቴክስን አሸነፈ። ከአካባቢ ጋጣ ሆኖ የማዕከላዊውን አንደኛ ደረጃ ውድድር ያሸነፈ ከዚያ በፊት አልነበረም። ሃይሴይኮና ኦጉሪ ካፕ ይህን ለማድረግ ቤታቸውን መልቀቅ ነበረባቸው፤ ሜይሴይ ኦፔራ ግን ከድሉ በኋላ ወደ ኢዋቴ ተመለሰ። የበሩ መከፈት ትርጉም እዚህ ላይ ነው የሚታየው። አጁዲ ሚትሱኦ የተባለ የፉናባሺ ፈረስ ደግሞ በ2004 እና በ2005 ቶኪዮ ዳይሾተንን ደጋግሞ ወሰደ፤ በመሀሉ ዱባይ ድረስ ሄዶ የዓለም ዋንጫውን ሮጠ።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ተከፈለ። ከ2006 እስከ 2024 የተካሄዱትን 19 ውድድሮች በሙሉ ያሸነፉት በማዕከላዊው አሠልጣኞች እጅ ያሉ ፈረሶች ናቸው። ኦሜጋ ፐርፊዩም ብቻውን ከ2018 እስከ 2021 አራት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ ነው የሚነሡት፤ ሙግታቸውም ቀላል አይደለም። የኦኢ ሜዳ ያዘጋጃል፣ የኦኢ ማኅበር ሽልማቱን ይከፍላል፣ ገንዘቡን ግን የሌላ ቤት ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ይህ እንግዳ አክባሪነት ሳይሆን ራስን ማስበላት ነው ይላሉ። እውነት አለው። ማዕከላዊው የተሻለ የማሠልጠኛ ሥፍራ፣ የተሻለ ሽልማትና የተሻለ ዘር ስላለው ፉክክሩ እኩል አይደለም። ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ የሚያነጻጽሩት ካልነበረ ዘመን ጋር ነው። በሩ ዝግ በነበረበት ጊዜም ምርጦቹ ፈረሶች በቤታቸው አልቀሩም፤ ሃይሴይኮም፣ ኦጉሪ ካፕም፣ ኢናሪ ዋንም ሄደዋል። ያኔ የሄደው ፈረሱም፣ ተመልካቹም፣ ትኬቱም ነበር። አሁን የሚሄደው ዋንጫው ነው፤ ተመልካቹና ትኬቱ እዚያው ኦኢ ይቀራሉ። ከሁለቱ የትኛው ይከፋል ቢባል የፊተኛው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገንዘብ አንጻር የሚመጣ ሲሆን የበለጠ ይከብዳል። የአካባቢው እሽቅድምድም ጠቅላላ ሽያጭ በ1991 ወደ አንድ ትሪሊዮን የን ተጠግቶ ነበር። በሩ በ1995 ቢከፈትም ሽያጩ መውረዱን አላቆመም፤ በ2011 ከሦስት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ቀረ። ናካትሱ በ2001፣ ማሱዳ በ2002፣ ካሚኖያማና አሺካጋ በ2003፣ ታካሳኪ በ2004፣ ኡትሱኖሚያ በ2005፣ አራኦ በ2011፣ ፉኩያማ በ2013 ተዘጉ። በየሜዳው የነበሩ ፈረስ ጠባቂዎች፣ አንጥረኞችና ጋላቢዎች ሥራ ፈቱ። በሩ ቤቱን ካተረፈ እነዚህን ለምን አላተረፈም? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያዳነውስ በሩ ሳይሆን ስልኩ ነው የሚሉም አሉ፤ ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ የማዕከላዊው የኢንተርኔት ውርርድ ገጽ የአካባቢ ውድድሮችን መሸጥ ስለጀመረ ገቢው ተነሣ፤ በ2022 በጀት ዓመትም ከአንድ ትሪሊዮን የን አልፎ ከ1991ዱ በላይ ሆነ። ይህን አልክድም። በ2003 እና በ2004 ኮቺ የተባለውን የአካባቢ ሜዳ ከመዘጋት ያዳነችው ሃሩ ኡራራም ያሸነፈች ፈረስ አይደለችም፤ በሕይወቷ 113 ጊዜ ሮጣ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም፤ በማርች 2004 የአገሪቱ ዝነኛ ጋላቢ ዩታካ ታኬ ሲጋልባት እንኳ 10ኛ ነው የወጣችው። ሰው ያየው ተስፋ አለመቁረጧን ነው። ከዚህ ተነሥቶ የውድድር ጥራት ገንዘብ አያመጣም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የሃሩ ኡራራ ወረት ሁለት ዓመት ሳይሞላው በረደ። የኢንተርኔቱ ደንበኛ ደግሞ ጣቱን ለማንቀሳቀስ የሚያውቀው ፈረስ ያስፈልገዋል። እሑድ በማዕከላዊው ሜዳ ያየውን ፈረስ ረቡዕ ማታ በኦኢ መብራት ሥር ሲያገኘው ነው ገንዘቡን የሚያስይዘው። ከ1995 ጀምሮ የተዘረጋው የጋራ ውድድር የኢንተርኔቱ መስኮት ሲከፈት የሚታይ ዕቃ ሆኖ ጠበቀው። በሩ ብቻውን አላዳነም፤ ግን ስልኩም ብቻውን ባላዳነ ነበር።

ቁማር ቁማር ነው፤ የከተማ አስተዳደር በዜጎቹ ውርርድ መተዳደር የለበትም የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ በቶኪዮ ራሷ የተሰማ ነው። አገረ ገዥው ሚኖቤ ርዮኪቺ በ1969 ዋና ከተማዋ ከማንኛውም የቁማር ሥራ እንደምትወጣ አወጀ፤ የቶኪዮ መስተዳድርም ከኦኢ እጁን አነሣ። ወረዳዎቹ ግን ቀሩ፤ ገቢውን መተው አልቻሉም። በዚህ ላይ የምሟገተው የለኝም፤ የሚኖቤ ጥያቄ እስካሁን መልስ ያገኘ አይመስለኝም። የእኔ ክርክር ውርርድ መልካም ነው የሚል አይደለም፤ ውርርዱ ካለ ዘንድ በእውነተኛ ፉክክር ላይ ቢሆን ይሻላል የሚል ነው።

የበሩ ትርፍ በደንብ የታየው ከአገር ውጭ ነው። በ2011 ቶኪዮ ዳይሾተን ከአካባቢ ሜዳ ውድድሮች የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ አንደኛ ደረጃ ውድድር ሆነ። ማዕረጉን ያስገኘው ከዚያ በፊት በነበሩት 16 ዓመታት የተካሄደው ብርቱ ፉክክር ነው፤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2010 ስማርት ፋልኮን በ2 ደቂቃ ከ0.4 ሴኮንድ ገብቶ የጃፓንን የ2000 ሜትር የአሸዋ ሪከርድ ሰብሯል። የውጭ ፈረስ እምብዛም አልመጣለትም፤ ይልቁንም ከእሱና ከሌሎቹ የአካባቢ ሜዳ ውድድሮች የወጡት ናቸው ወደ ውጭ የዘመቱት። ማርሽ ሎሬን የተባለችው ባዝራ በኦኢ፣ በካዋሳኪና በሞንቤትሱ አሸዋ ላይ እያሸነፈች አድጋ በኖቬምበር 2021 በካሊፎርኒያ የብሪደርስ ካፕ ዲስታፍን ወሰደች። በማዕከላዊው ቤት ለባዝራዎች የተመደበ ደረጃ ያለው የአሸዋ ውድድር ስላልነበረ፣ ያለ አካባቢው ሜዳዎች መሰላሏ ባልተዘረጋ ነበር። ኡሽባ ቴሶሮ በ2022 መጨረሻ ቶኪዮ ዳይሾተንን አሸንፎ ከሦስት ወር በኋላ በዱባይ የዓለም ዋንጫውን ወሰደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ተመልሶ ኦኢን ደገመ። ፎርኤቨር ያንግ ገና በሁለት ዓመቱ በሞንቤትሱና በካዋሳኪ አሸነፈ፤ በ2024 የቶኪዮ ዳይሾተን ባለቤት ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 2025 የሳዑዲ ዋንጫን፣ በኖቬምበር 1 ቀን ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም የጃፓን ፈረስ ያላሸነፈውን የብሪደርስ ካፕ ክላሲክ ወሰደ። ወደ አሜሪካ ከመሄዱ በፊት የመጨረሻ ዝግጅቱን ያደረገው በፉናባሺ ሜዳ ነው። እነዚህ ሁሉ የማዕከላዊው ፈረሶች ናቸው፤ ክብሩም የማዕከላዊው ነው የሚል ይኖራል። ፈረሶቹ አዎ። ማዕከላዊው ግን በዓመት ያሉት አንደኛ ደረጃ የአሸዋ ውድድሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀረውን የሚያስተምረው የአካባቢው ሜዳ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪው ከሌላ ሰፈር መጣ ተብሎ ምስጋናው አይነፈገውም።

ከ2024 ጀምሮ በሩ ይበልጥ ተከፍቷል። በኦኢ ከሚካሄዱት ሦስት ታላላቅ የሦስት ዓመት ፈረሶች ውድድሮች ጃፓን ደርት ክላሲክ ቀድሞም ክፍት ነበር፤ አሁን ሃኔዳ ዋንጫና ቶኪዮ ደርቢም ለማዕከላዊው ፈረሶች ተፈቀዱ፤ ከ1955 ጀምሮ የአካባቢ ፈረሶች ብቻ ይሮጡበት የነበረው ቶኪዮ ደርቢ ሳይቀር። በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱንም የማዕከላዊው ፈረሶች ወሰዷቸው። የሆነው ሁሉ ያለፉትን 30 ዓመታት የሚመስል ነው፤ ውጤቱም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አሁን ገንዘብ መኖሩ ነው። ከ1995 እስከ 2011 ድረስ በሩን የከፈቱት ሜዳዎች እየተራቡ ነበር፤ ዛሬ ከታሪካቸው ሁሉ የበለጠ ትኬት ይሸጣሉ። ስለዚህ የኦኢ ማኅበርና ሌሎቹ አዘጋጆች ሊጠየቁ የሚገባው በሩን ለምን ከፈታችሁ ተብሎ አይደለም። ከዚህ ሽያጭ ስንቱ ለአካባቢው አሠልጣኞች፣ ለጋጣዎቻቸውና ለልምምድ መሞቻቸው ደረሰ ተብሎ ነው። ሌላ ሜይሴይ ኦፔራ ከኢዋቴ ወይም ከፉናባሺ እንዲወጣ ከተፈለገ፣ የሚቀጥለው የን ከሽልማቱ ላይ ሳይሆን እዚያ ላይ መዋል አለበት።